ጠያቂ አይጠየቅም

በመሬትና ግንባታ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል የምትሠራውን ሴት ባልደረቦቿ «አንቀጽ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

የምትጠቅሰው አንቀጽ አንድ ነው። የግንባታ ፈቃድ ፋይል የሕዝብ ነው፤ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል፤ ጠያቂው ማን እንደሆነና ለምን እንደፈለገው አይጠየቅም። ወረቀቱን ከመስኮቷ በላይ ለጥፋዋለች። አለቃዋ ገነጠለው። መልሳ ለጠፈችው። ደግሞ ገነጠለው። በሙጫ ለጠፈችው።

ሰውየው የመጣው ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት ነው። ሸምገል ያለ፣ የኮቱ ክርን የሳሳ፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ሕንፃ ፋይል ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።»

ሕንፃውን የማያውቅ የለም። ሦስት ፎቅ ተፈቅዶለት ሰባት አድርሶታል ይባላል። አናቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ግድግዳ መሰንጠቅ ጀምሯል። የተፈቀደው ሦስት ብቻ መሆኑን የሚያሳየው ፋይል ፍርድ ቤት ከቀረበ ትርፉ አራት ፎቅ በሕግ ይፈርሳል። ካልቀረበ አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ያውም እንቅልፍ ላይ ባሉ ሰዎች ላይ።

«በዚያ ሕንፃ የተነሣ እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ቆየ» አለ ሰውየው።

ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። መደርደሪያው ጋ ሄደች። የፋይሉ ቦታ ባዶ ነው። የአለቃዋን በር አንኳኳች።

«እኔ ጋ ነው» አለ አለቃው፣ ቀና ሳይል።

«ጠያቂ መጥቷል።»

«የለም በይው።»

«እያለ?»

«እያለ።»

«መመሪያው ግን…»

«አንቺ ሴትዮ፣ መመሪያ ነው እንዴ ቁርስሽ? ያ ፋይል ከዚህ ቁም ሳጥን አይወጣም። ለምን ብለሽም አትድረቂብኝ። እኔ በዚህ ቤት ሰው አላምንም።»

ስልኩ ጮኸ። አነሳና መናገሪያውን በመዳፉ ከድኖ፣ እስክትወጣ ጠበቀ።

አንቀጽ ለሰውየው እውነቱን ነገረችው። ፋይሉ አለ፤ ከልክለዋታል፤ ግን ተስፋ እንዳይቆርጥ። ሰውየውም አልቆረጠም። በማግስቱ መጣ፤ ከዚያም መመላለስ ያዘ። አግዳሚው ላይ ኮቱን ሰብስቦ ይቀመጣል፤ እናቶች ሲገቡ ተነሥቶ ቦታ ይለቃል። አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«የት እንዳለ እንኳ ልወቅና ልቤ ይረፍ» አላት አንድ ቀን።

«አለቃዬ ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ሌላ ቦታስ ቅጂ የለውም?»

«የለውም። ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ።

አለቃው በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው ሆኗል። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። ማታ ማታ የማታውቀው ጥቁር መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ከሠራተኛው ጋር ሰላምታ እንኳ ቀንሷል።

«አፉ የሞላ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ። «አንቺ ግን ተይ። ልጆች ይዘሽ ከአለቃ ጋር ግብግብ? ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ብለሽ ነው?»

«እኔ መውጫ አልፈለግኩም። መውጣት ያለበት ፋይሉ ነው።»

አለቃው ለስብሰባ በወጣበት ከሰዓት በኋላ አንቀጽ ቢሮው ገባች። ቁም ሳጥኑ ድሮ የመዝገብ ክፍሉ ንብረት ነበር፤ ትርፍ ቁልፉ እሷ ጋ ቀርቷል። በሩን አልዘጋችም። እንዲያውም ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም ሰርቃለች እንዳይላት፣ ሁሉም እያያት ፋይሉን አውጥታ፣ አቧራውን በክንዷ ጠርጋ፣ በመስኮቷ ለሰውየው አቀበለችው።

የቢሮው ኮፒ ማሽን ቀለም ካለቀበት ወራት አልፏል።

«ውጭ ኮፒ አስደርጌ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» አለ ሰውየው።

«አይጣደፉ። እርስዎ ጋ ይደር። እዚህ ከሚያድር እርስዎ ጋ ቢያድር ይሻላል።»

በሁለት እጁ ተቀበላት። ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ያን ማታ አንቀጽ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

በነጋታው አለቃው ብቻውን አልገባም። ባለ ጥቁር መኪናው አብሮት ነበር፤ ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ። አንቀጽ አይታው ጥርሷን ነከሰች። አለቃው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ» አለች አንቀጽ ከወንበሯ ተነሥታ። «አልደበቅሁም፤ አልደብቅምም። ፋይሉ የሕዝብ ነው፤ ለባለጉዳዩ ሰጥቼዋለሁ። ብትፈልግ ዛሬውኑ አባርረኝ።»

«ለየትኛው ባለጉዳይ?»

በመስኮቱ አሳየችው። ፍርድ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። «ያውና፣ ደረጃው ላይ ቆመው ፍትሕ የሚጠብቁት ሽማግሌ።» ከዚያ ወደ ባለ ሱፉ ዞረች። «እርስዎም ይዩዋቸው፤ ሰባት ፎቅ የጫኑባቸው ሰው እሳቸው ናቸው።»

ባለ ሱፉ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ አየ።

«እኔ ዐቃቤ ሕግ ነኝ፣ እህቴ» አላት፤ «ባለ ሕንፃውስ ያ ነው።»