ያልደወለው ደወል

በግልጽ ሊጠየቅ የሚገባውን ነገር "ይታወቃል" ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ የስንፍናውን ፍዳ አስቀድሞ በሌላው ላይ ይጭናል።

መርማሪው የኮምፒውተሩን ገጽ ባዞረ ጊዜ፣ የልብ መቆጣጠሪያውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው የገጹን ግርጌ በመዳፉ ሸፈነ። ከመዳፉ በላይ ያለው ትእዛዝ ግን ይነበብ ነበር፤ "የልብ ምት ካለና ከአርባ ካነሰ፣ ደውል" ይላል። ኮምፒውተሩ ዜሮን "የለም" ብሎ ይቈጥራልና፣ የበሽተኛው ልብ በቆመ ጊዜ ሐኪሞቹ በቀጣዩ ክፍል ሳሉ መሣሪያው አልደወለም። "ዜሮም ቢሆን ደውል" የምትል አንዲት ሐረግ ትበቃ ነበር።

"እኔማ ማሽኑ ዝም ሲል፣ እፎይ፣ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ እግሩን ሸፈንኩለት" አሉ የሟቹ እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ። ከዚያም ወደ ሰውዬው መዳፍ ተመለከቱ። "እጅህን አንሣ ልጄ። መነጽሬን አልያዝኩም፤ ከሥሩ ያለውን አንተው አንብብልኝ።"

ሰውዬው እጁን አነሣ። ሥራውን የገመገመችለት ባልደረባው ከትእዛዙ ሥር "ወንድሜ፣ ዜሮ ቢሆንስ?" ብላ ጽፋለት ነበር። እርሱም ያን ጊዜ የመለሰላትን ቀልድ በደረቀ ድምፅ አነበበ፦ "ዜሮ ከሆነማ እትዬ፣ ደወሉን ማን ሊሰማው ነው?"

"እኔ ነበርኩኮ አጠገቡ" አሉ እናቲቱ።

ፍርድ ቤቱ አራት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ከሙያውም ለዘለቄታው ታገደ።