ለእንግዳው የመጣችው አስተርጓሚ

እኛ መስማት የተሳነን ተማሪዎች የዲኑ ቢሮ ደረጃ ላይ የተቀመጥነው አንድ ነገር ፈልገን ነው፤ ክፍል ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብልን ብለን። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ነው የሚያወራው። ፈተናው ስለ ጀርባው ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ኤ እናመጣ ነበር። ዲኑ ግን «በጀት የለም» የሚል ወረቀት ለጥፎ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ከከተማ አንድ የተከበሩ እንግዳ መጡ። ስለ ተቃውሟችን አስተያየት አላቸው። አስተያየታቸው እንዳያመልጠን ዲኑ ወዲያው አስተርጓሚ አስመጣልን፤ አዎ፣ በዚያው በሌለው በጀት! ዘነበች ትባላለች።

እንግዳው ንግግር ሲጥማቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ዝም ብሎ መቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ድምፃችሁን አሰሙ!» አሉ። ዘነበች ይህን ስትተረጉም ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

ጓደኛዬ ራኬብ በእጇ፣ «አንቺ፣ እኚህ ሰውዬ የት ነው የመጣሁት ብለው ነው?» አለችኝ።

«ተያቸው፣ እየመከሩን ነው።»

«ኬሚስትሪ እኮ ሊጀምር ነው!»

ሁለታችንም ዘነበችን አየናት። እሷም የተባባልነውን አንብባ ኖሮ ቦርሳዋን አነሳች፤ ሁላችንም ከደረጃው ተነስተን ይዘናት ወደ ክፍል ሄድን።

እንግዳው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበር። አሁን ገልጠው ከሆነ፣ ከፊታቸው ባዶ ደረጃ አለ።

ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶን ማውራት ጀመረ። ዘነበች ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ እጆቿን አነሳች።