የቀዛፊው ዝምታ

ሰውዬውን ጓደኞቹ «ሊቁ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን ከምሩ ወሰደው።

ሊቅነቱ በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ነው። «የዓሣዎች ፖስታ ቤት»ን ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ብቻዋን፣ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሠራችው። ተጫዋቹ ፖስተኛ ነው። ዝናብ ከመሬት ወደ ላይ በሚዘንብባት ከተማ፣ በእግራቸው ለሚሄዱ ቤቶችና እርስ በርስ ለተኮራረፉ ደረጃዎች ደብዳቤ ያድላል፤ መንገድ ከሚዘጉ ጃንጥላዎች ጋር ይደባደባል። ያኔ የገዛው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ኋላ ግን በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ተዛመተ፤ የወደዱትም እንደ ጠፋ ዘመድ ተፈላልገው ተገናኙ።

ሊቁም ያገኘው እዚያው ዶርም ነው። የክፍል ጓደኛው የጨዋታው ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት ሲዲ ሰጠው። «እንዲህ ያለ ነገር የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው» ሲል በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ጽፏል።

አዎ፣ መጽሐፍም ጽፏል። ሁለት መቶ አርባ ገጽ፣ ስለ ጨዋታው መጨረሻ ብቻ። መጨረሻው ላይ ፖስተኛው ወንዝ ዳር ደርሶ የቀረችውን አንዲት ደብዳቤ ለጀልባ ቀዛፊው ይሰጠዋል። ቀዛፊው አፉን ይከፍታል። ምንም አይናገርም። በቃ፣ አለቀ።

ሊቁ ይህን «ከንግግር ሁሉ የላቀ ዝምታ» ይለዋል። ስለ ዝምታውም በየመድረኩ ሁለት ሁለት ሰዓት ይናገራል። በኢንተርኔት በሚመራው የአድናቂዎች ገጽ ላይ አንድ ሁለት ቀልደኞች «እኛንስ አናግሮናል» ብለው ሲጽፉ ወዲያው አባረራቸው።

ዘንድሮ ሴትየዋ አምስት ሠራተኞች ይዛ ጨዋታውን አድሳ ልታወጣው መሆኑ ተሰማ። ከአምስቱ አንዷ የሊቁ ሚስት ታናሽ እህት ነበረች። ሠዓሊ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃዎቹንና ጃንጥላዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ስትስል ቆይታለች።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ስልኳን አውጥታ አዲሱን መጨረሻ አሳየችው። ወንዙ ያበራል። ቀዛፊው አፉን ከፈተና «ደብዳቤው ያንተው ነው። ግባ፣ ላሻግርህ» አለ።

ሊቁ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ተናገረ» አለ።

«አዎ ጋሼ። ድምፁ ደስ አይልም?»

«ይህን ቃል ማነው አፉ ውስጥ የከተተው?»

«እኔ እኮ ሥዕሉን ብቻ ነው የምሠራው። ጽሑፉ የአለቃችን ነው። እሷ ደግሞ አንድ ቃል አልጨመርኩም ነው የምትለው።»

«ትዋሻለቻ! ሃያ ዓመት ዝም ያለ ሰው ዛሬ አፍ አወጣ? ለገበያ ብላ ነው። ከብት ለሆነ ተጫዋች ሁሉን ነገር አላምጣ ልታጎርስ!»

«ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለች ሚስቱ።

«አንቺም ብትሆኚ» አለ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «ሁለተኛ ሠዓሊ ነኝ እንዳትዪ። ቀለም ቀቢ ነሽ።»

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች። ሚስቱ እስከ በር ሸኘቻት። ተመልሳ ሳህኖቹን አነሳች፤ የእሱንም ጭምር፣ ሳይጨርስ።

ሊቁ የዚያኑ ቀን «ዝምታውን መልሱ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በሁለት ሳምንት አራት ሺህ ሰው ፈረመበት። ከፈራሚዎቹ የሚበዙት ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫውተውት አያውቁም፤ መጽሐፉን ግን አንብበዋል፤ ወይም ያነበበ ሰው ያውቃሉ። ቀድመው ያዘዙ ሰዎች ትዕዛዛቸውን መሰረዝ ጀመሩ። ሴትየዋም ከአምስቱ ሠራተኞች ሁለቱን አሰናበተች። አንዷ ሠዓሊዋ ነበረች።

«እህቴን ከሥራ አስወጣሃት» አለችው ሚስቱ።

«እኔ ያስወጣሁት ውሸትን ነው» አላት፤ አባባሉ ስለጣፈጠውም ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አሰፈረው።

ጨዋታው የወጣ ቀን ጠዋት ሴትየዋ በአንድ አዳራሽ ከተጫዋቾች ጋር ልትነጋገር ተቀመጠች። አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ሊቁ ከፊት ወንበር ይዟል። ተከታዮቹ ከኋላው ሦስት ረድፍ ሞልተዋል። ሚስቱና እህቷ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሊቁ ነው። የመድረክ መሪው እንዳላየ ሊያልፈው ሞከረ፤ ሴትየዋ ግን «ይጠይቁ» አለች።

ሊቁ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ይህን ሥራ ከእርስዎ በላይ አውቀዋለሁ ብል ድፍረት አይሆንብኝም። እርስዎ ሠሩት፤ የተረዳሁት ግን እኔ ነኝ።»

ከኋላው ጭብጨባ ተነሳ።

«አሁን ይህን ወሬኛ ቀዛፊ አምጥተው አንድ ቃል አልጨመርኩም ይላሉ። መጀመሪያ በወጣው ላይ አርባ ጊዜ ጨርሻለሁ። አርባ ጊዜ ዝም ብሎኛል። እንግዲህ እዚህ ሰው ፊት ይንገሩን፦ የሚዋሸው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

የመድረክ መሪው ወደ ሴትየዋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አላት፤ በእጇ ገፋችው። መነጽሯን አድርጋ ሰውዬውን አየችው።

«ማናችንም አልዋሸንም» አለች፤ «ቀዛፊው ድሮም ይናገር ነበር። ዝም እንዲል ያደረግኩት ጨዋታውን ሰርቀው ለሚጫወቱት ብቻ ነው።»