አንድ ቤት፣ አንድ ታካሚ

ልብስ ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ነው። የሐኪም መርፌ ሲያይ ግን ይወድቃል። ስኳር እንዳለበት የታወቀ ዕለት እንኳ ደሙን የሰጠው ራሱን ስቶ ነበር። ነርሷ መርፌዋን ይዛ ስትጠጋው ከነወንበሩ ተዘረጋ፤ እሷም አጋጣሚውን ሳታባክን እዚያው ወለሉ ላይ ወጋችው።

በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው አዲስ አሠራር ጀምሯል። ስኳር ያለበትን ሰው እንደ ድሮው አንድ ሐኪም ብቻ አያየውም፤ ቡድን ያየዋል። ሐኪም፣ ነርስ፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ የምግብ አማካሪ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፤ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። ልብስ ሰፊው ይህን ያህል የተማረ ሰው ከቦት አያውቅም።

ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ አሠራሩን አስረዳ።

«እኛ ዘንድ አንድ ቤት፣ አንድ ታካሚ ነው። እርስዎን ለብቻ አናክምም። ባልና ሚስት አንድ ናችሁ፤ በሽታውም የጋራችሁ ነው።»

ንግግሩ ግሩም ነበር፤ ግድግዳው ላይም በትልቁ ተለጥፏል። ሚስትየዋ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት አፍ አፉን ታየው ነበር።

የመውደቁም ነገር መላ ተበጀለት። ከጣት ደም የሚወሰደው የስኳር ልኬታ ከእንግዲህ በየጧቱ ቤት ውስጥ ብቻ፣ በሚስቱ እጅ እንዲሆን፣ ቁጥሩንም ለነርሷ በስልክ እንድትነግር ቡድኑ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ልብስ ሰፊው ከዚያ ወዲህ እፎይ አለ። ጧት ጧት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁን ለሚስቱ ይሰጣል። በጥጥ ታሻሸዋለች፤ ጥቂት ቆይታ «አለቀ» ትለዋለች። ምንም አይሰማውም። የሷ እጅ ልዩ ነው፣ ነርሶቹ መጥተው ቢማሩ ይሻላቸዋል እያለ ለጎረቤት ሁሉ ያወራል።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። አልወርድ አለ።

ቡድኑ ኪኒን ጨመረ። ቁጥሩ ወጣ። ቡድኑ እንደገና ጨመረ፤ ቁጥሩም እንደገና ወጣ። በቡድን የመሥራት ደጉ ነገር ስህተት ሲመጣ የማንም አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የታካሚው ሆነ።

የምግብ አማካሪዋ ተደብቀው ጣፋጭ ይበላሉ አለችው። ልብስ ሰፊው ማለ፣ ተገዘተ። እየማለ ሳለ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ላብም በግንባሩ ወረደ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ላቡን አይቶ ሐኪሙን ጠቀሰው። የሚዋሽ ሰው እንዲህ እንደሚያልበው ተምሯል።

ሚስትየዋን ግን ቡድኑ ለሌሎች አስታማሚዎች አርአያ አድርጎ ያነሳት ጀመር። በጭንቀት ከስታለች፤ ልብስ ሰፊው ራሱ ቀሚሷን ሁለቴ አጥብቦላታል። ቤት የነበረውን ማርና ማርማላታ ባሏ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ እንዳትጥለውም አንጀቷ እምቢ ስላላት፣ ራሷ ጨርሳዋለች። ውኃ ጠጡ የተባለውንም ምክር ከሱ ይልቅ የምትፈጽመው እሷ ናት፤ ጆጉ ከአልጋዋ ሥር አይጠፋም።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ ሚስቱ ኮቱን ተቀብላ ኪሱን ፈተሸች። ፕላስተር በተለጣጠፈባቸው ጣቶቿ ገበሩን ሳይቀር ዳበሰች። ገበሩን የሰፋው እሱ ነው። ልብስ ሰፊውን ከበሽታው ይልቅ ይህ አመመው።

«ባልበላሁት ነገር ሌባ ታደርጊኛለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቁጥሩ ነው እንጂ የሚናገረው።»

ከዚያ ቀን በኋላ እሱም ሻዩን እያሸተተ መጠጣት ጀመረ። እሷ እፍኝ ስኳር ጨምራበት ይሆናል የሚል ሐሳብ ገባው፤ እንዲህ በማሰቡ ደግሞ አፈረ። ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያድሩ ጀመር።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊው ከሱቁ በራፍ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ዓለም ዞረችበት፣ ሸሚዙ በላብ ራሰ። የጎረቤት ባለሱቅ ሮጦ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ አጠጣው። ወዲያው ነፍስ ዘራ፤ ጠርሙሱንም እስከ ጭላጩ ጨለጠው። ነርሷ ልክ በዚያን ጊዜ በመንገዱ ታልፍ ነበር።

ቡድኑ በመጨረሻ ማስረጃ አገኘ። ከነጠርሙሱ የተያዘ ሰው ምን ይላል? ስብሰባው አጭር ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ኢንሱሊን፤ በከፍተኛ መጠን፤ ወጊዋም ሚስቱ። ልብስ ሰፊው ገና «ኢንሱሊን» ሲባል የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። መድኃኒቱ ሳያስፈልግ ቢወሰድ ሰው ይገድላል ወይ ብሎ በደከመ ድምፅ ጠየቀ።

«ለሌላ ሰው አዎ» አለ ሐኪሙ። «የእርስዎን ቁጥር ግን እናውቀዋለን።»

ሰኞ ጧት መርፌው ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ቀድሞ ልኬታው ነው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ወሰደች። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አሰበ። ከዛሬ ወዲያ በየቀኑ መወጋቱ ላይቀር፣ እንደ ሕፃን መጨፈኑ ምን ይረባል? ቢያንስ ትንሿን መርፌ አይቶ ይልመድ። ጥርሱን ነክሶ ቀስ ብሎ ዞረ፤ አንድ ዓይኑንም ገለጠ።

ሚስቱ የሱን ጣት በጥጥ አሻሽታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና፣ ከራሷ ጣት ላይ ፕላስተሩን ልጣ የገዛ ጣቷን ወጋች።