የማይሰማው ጥርሴ

ዛሬም ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሱን ሲነካው እንባው የሚመጣ ሰው አለ፤ ጎረቤቴ ውብሸት! እኔ እንኳ ጥርስ ሐኪሙ ባመጣው አዲስ መሣሪያ ጥርሴን አሳጥቤ ካስወለወልሁ ወዲህ፣ የሚንተከተክ ሽሮ ከነድስቱ ብውጥ ምንም አይሰማኝም።

"አንተ እፍ እያልክ ብላ፣ ምስኪን!" አልኩት ምሳ ስንበላ።

ባለቤቴ አልጋነሽ አጎረሰችኝ። እያኘክሁ ጉራዬን ስቀጥል፣ "ጣቴን! ኧረ ልቀቀኝ!" ብላ ጮኸች። ለካ ጣቷንም አብሬ እያኘክሁ ኖሯል።

"አየህ ውብሸት? ጥርሴ አጥንት ቢነክስ እንኳ አይሰማውም እኮ!" አልኩ።

አልጋነሽ የደማ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ አሰረች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና፣ አፌን ከፍቼ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። በተረፉት ጣቶቿ ጠቀለለችና፣ እፍ ብላ አቀዝቅዛ ውብሸትን አጎረሰችው።

ለእኔ ማንኪያ አቀበለችኝ።