የባንኩ ግመል

ድርቁ ግመሎቻቸውን አንድ ሳያስቀር የፈጀባቸው እናት ከአንድ እስላማዊ የልማት ባንክ ሠራተኛ ፊት ተቀምጠዋል። ባንኩ ለአባል አገሮቹ አርብቶ አደሮች ካሰባቸው ግመሎች አንዷ ለእሳቸው እየመጣች ነው።

«አሁኑኑ ልፈርም! ኋላ ለሌላ ሰው ትሰጡብኛላችሁ።»

«እናቴ፣ በእኛ ደንብ ባንኩ መጀመሪያ ለራሱ ገዝቶ ያስመጣል፤ ከዚያ ነው በዱቤ የሚሸጥልዎት። ግመሏ እዚህ ግቢያችን ሳትገባ ፊርማ የለም።»

የሠራተኛው ስልክ ጮኸ፤ ሊያናግር ወደ ደጅ ወጣ። እናት ግራ ቀኙን አዩ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀው ውል ላይ ተጫኑ።

ሠራተኛው ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መኪናው ተገልብጦ ግመሏ ሞተች።»

እናት ጣታቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሸጉ። የሞተች ግመል ዕዳ ሊከፍሉ ነው! ሠራተኛው ወረቀቱን አየ፤ ሻርፑ ላይ የሚሰፋውን ሰማያዊ ቀለምም አየ። ውሉን አንስቶ ለሁለት ቀደደው።

«ግመሏ ሳትገባ የተፈረመ አይጸናም። የሞተችው የባንኩ ግመል ናት።»

እናት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና፣

«አይዟችሁ ልጄ፤ አላህ የተሻለ ይተካላችሁ» አሉት።