ተራ አስከባሪ

ሳፊናዝ ትንፋሿን ውጣ የቺፗን የመጨረሻ እግር በየደች። በግብፅ ገጠር እንቁላል እያሞቀ ጫጩት የሚያስፈለፍለው አባቷ ሸሃታ ከጭቃ ምድጃዎቹ ደጃፍ ተቀምጦ ያስላል። ሐኪሙ ጭሱ ውስጥ ዳግም እንዳይገባ ከልክሎታል፤ እሱ ግን ምድጃዎቹን ሳይዳስስ ውሎ አያውቅም። እሱ እንዳይገባ ብላ በየምድጃው ያስቀመጠቻቸው የሙቀት መለኪያዎች ደግሞ ከፋብሪካ የወጡት ሁሉም በአንድ ዓይነት መጠሪያ ስም ነበርና፣ በአንድ ሽቦ ስትጠራቸው ሁሉም እኩል እየመለሱ የማንኛቸውም ልኬት አልለይ አላት።

«ተይው ልጄ፣ እኔው ልግባ» አለ ሊነሳ እየቃጣው።

«አትገባም አባ! ይቺ ቺፕ ተራ አስከባሪ ናት፤ አንዱ ሲናገር ሌላውን ዝም ታሰኛለች።»

«አክስቶችሽንም ዝም ካሰኘች ነው የማምናት!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማብሪያውን ተጫነች። የየምድጃው ሙቀት ተራ በተራ ስልኳ ላይ ወጣ። የመጨረሻው ምድጃ ሙቀት ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለአባቷ አሳየችው።

«ከዚያኛው አንድ እንቁላል አምጪልኝ» አላት። አመጣችለት። ሙቀቷን እንደ ልማዱ ሊለካ ዓይኑን ጨፍኖ እንቁላሏን የዓይኑ ቆብ ላይ አሳረፋት፤ ቆየ።

«እውነትም ቀዝቅዛለች» አለ በመጨረሻ። «ሂጂ፣ እሳቱን አንቺ ጨምሪበት።»

ከተቀመጠበትም አልተነሳም።